እሺ መልስ አይደለም

እትዬ ጫልቱ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ማርታ ናት። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ደወለች። «ሐና፣ እማዬ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች። ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ እንጂ ቃሏ አልተደነቃቀፈም።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይላካሉ፤ በር ይንኳኳል፤ «ትንሽ አመም አድርጓቸው ነበር» እየተባለ፣ ነገሩ ስንት ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ልብ ላይ የሚደርሰው። ሌላ ሰው ማርታን ቢሰማት «ምን ዓይነት ጨካኝ ልጅ ናት?» ይላል። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አልቅሼ ሳበቃ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እናቷ ቢሰሟት ደስ ይላቸው ነበር» የሚል ነው። ፊቴን ታጠብኩና በዚያው በእሷ ቃል ለሁሉም ነገርኩ።

የምሠራው ሊፍት የሚገጥምና የሚጠግን የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሯችን ልደታ፣ ከፍርድ ቤቶቹ ጀርባ ባለ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው። ሕንፃው ራሱ ሊፍት የለውም፤ ደንበኞቻችን ደረጃውን እየወጡ ይሥቁብናል። እትዬ ጫልቱ የሥራ ማስተባበሪያው ኃላፊ ነበሩ። የትኛው ቴክኒሻን የት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሊፍት እንደሚቆም፣ ለማን ምን እንደሚጻፍ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እኔ በማኔጅመንት ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን የጀመርኩት በእሳቸው ሥር ነው።

ሆለታ ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ የገቡ ሴት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። በወጣትነታቸው በአንድ የከባድ መኪና ድርጅት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ያኔ ሞባይል የለም። በረሃ ላይ ጎማው የፈነዳበት፣ ወባ የጣለው፣ መንገድ የተዘጋበት ሾፌር ሁሉ የሚያገኘው የእሳቸውን ድምፅ ነበር። የመኪናዎቹ ባለቤት ሲሞቱ ልጃቸው ኤፍሬም መኪናዎቹን ሸጦ የሊፍቱን ሥራ ጀመረ። እትዬ ጫልቱን ግን አልለቀቃቸውም፤ ጠረጴዛቸውን ይዘው አብረውት መጡ።

የሬዲዮው ልማድም አብሯቸው መጣ። ስልክ የሚያወሩት ቆመው ነው። ሲናገሩ አውራ ጣታቸው የስልኩን ጎን ጫን ያደርጋል፤ ተናግረው ሲጨርሱ ጣቱ ይነሣል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ያ ሬዲዮ ቁልፉን ተጭነሽ እስካለሽ ትናገሪያለሽ እንጂ አትሰሚም» አሉኝ። «ሾፌሩ እዚያ ማዶ ‘ኧረ ድረሱልኝ’ እያለ ቢጮህ አይሰማሽም። ስንት ሰው አለ መሰለሽ፣ ቁልፉን ተጭኖ ዕድሜውን የሚጨርስ።»

በሬዲዮ ተናግሮ የጨረሰ ሰው «ኦቨር» ስለሚል ከኋላቸው «እትዬ ኦቨር» እንላቸው ነበር። ስሙን ያወጣላቸው የጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ ልጅ ሙክታር ነው፤ ከቴክኒሻኖቻችን ሁሉ እጀ ጥሩው፣ ከሁሉም ደግሞ ቀልደኛው። ስሙን እንደሚያውቁት ያወቅነው አንድ ጠዋት ሙክታርን «ኦቨር ጠርታሃለች በለው» ብለው በጓደኛው ሲልኩበት ነው።

በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። ሊፍቱ ለጥገና ስለሚቆም ማሳወቅ ነው። ያለኝን አማርኛ ሁሉ አወጣሁ። ሁለት ገጽ ሞልቼ፣ ኮርቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጥቂት አንብበው መልሰው አወለቁት።

«ይሄን ሰውዬው የት ሆኖ ነው የሚያነበው?»

«ቢሮው ውስጥ ነዋ፣ እትዬ።»

«ተቀምጦ፣ ሻይ አዞ? አይደለም። በር ላይ ቆሞ ፈርሞ ይቀበልሻል። ስልኩ ይጮኻል። የመጀመሪያውን መስመር ዓይቶ ጠረጴዛ ላይ ይጥለዋል። የመጀመሪያው መስመርሽ ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው። «ድርጅታችን ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ ለክቡራን ደንበኞቹ ጥራቱን የጠበቀ አገልግሎት በመስጠት…»

«ሊፍቱ መቼ ነው የሚቆመው?»

«ማክሰኞ።»

«የቱ ጋ ነው የነገርሽው?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ።»

አልተቆጡም። «እንግዲህ ማክሰኞ አንዲት ነፍሰ ጡር ሰባተኛ ፎቅ በእግሯ ልትወጣ ነው። አንቺ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነግረሻታል» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ይዘውኝ ወረዱ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ። ከአንዱ አጠገብ ካለች ሱቅ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ገዝተው፣ «ዝም ብለሽ ስሚ» አሉኝ። አንዲት ሴትዮ የባሏን ወንድሞች፣ የጎረቤቷን ክፋት፣ የልጇን ሕመም፣ ሁሉን ዘርዝራ ተናገረች። ጸሐፊው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ፣ «እሺ እናቴ፣ አሁን ዳኛው ምን እንዲያደርግልዎ ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ አሰብ አደረገችና «ቤቱን እንዲለቁልኝ» አለች። ጸሐፊው ያን ጊዜ ብዕሩን አነሣ።

እትዬ ጫልቱ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። «አየሽ? መጀመሪያ እስክትጨርስ ሰማት። ቀጥሎ የምትፈልገውን ጠየቃት። ከዚያ ነው የጻፈው። አንቺ ከጽሑፉ ነው የጀመርሽው።»

ሰኞ ሰኞ በነበረን ስብሰባ ላይ ይሉት የነበረውን ነገር ዛሬም ድረስ ሰዎች እየደገሙ ይሥቁበታል። አንዱ «ቦሌ ያለው ሥራ በቅርቡ ይጠናቀቃል» ሲል፣ «ማን ነው የሚያጠናቅቀው? ሥራው ራሱን በራሱ ነው የሚጨርሰው?» ይላሉ። «ዕቃው ይመጣል ተብሏል» ሲባል፣ «ማን አለ? መቼ አለ?» ይላሉ። ከሁሉም የሚጠሉት ቃል ግን «እሺ» ነበር። አንድ ሥራ ነግረውን «እሺ» ካልን አይለቁንም። «እሺ መልስ አይደለም። የነገርኩህን ንገረኝ» ይላሉ። እንደ ተማሪ ቆመን የታዘዝነውን በራሳችን ቃል መልሰን እንነግራቸዋለን። ትልልቅ ሰዎች ይናደዱ ነበር። አንድ መሐንዲስ «እኔን እንደ ሕፃን ያስደግሙኛል» ብሎ ሥራውን ለቆ ሄዷል። አልተለማመጡትም፤ አላሙትምም።

እኔም በሆዴ አበዙት እል ነበር። ሰንጋ ተራ ላይ የሆነው እስኪሆን።

ሙክታር አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ከሊፍቱ ካቢን በታች፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ነበር የሚሠራው። ከመግባቱ በፊት ምድር ቤት ያለውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ለጥበቃው «እኔ ራሴ ወጥቼ እስክነግርህ ማንም እንዳይነካው» ብሎታል። ቀጥሎ ቢሮ ደውሎ ገብቻለሁ አለኝ። እኔም ለእትዬ ጫልቱ ተናገርኩ።

«ጥበቃው ምን አለ?»

«እሺ ብሎታል።»

ከወረቀታቸው ላይ ቀና አሉ። «እሺ ብሎ ምን አለ?»

«እሺ ብቻ ነው ያለው፣ እትዬ።»

«ደውይለት። የተነገረውን ይንገርሽ።»

ሙክታር በሥራው ብዙ ዘመን የቆየ ሰው ነው፤ መደወሉ ለይስሙላ መስሎኝ እየሰለቸኝ ደወልኩ። ጥበቃው አነሣው። ከደቡብ የመጣ፣ ሥራውን ገና የጀመረ፣ አማርኛው ያልጠና ሰው ነው። «ወንድሜ፣ ቴክኒሻኑ ምን ብሎህ ነው የገባው?» አልኩት።

«ሥራ ሲያልቅ መብራት አብራ ብሎኛል» አለኝ። «ድምፅ ጠፍቷል። አልቋል መሰለኝ። የአራተኛ ፎቅ ሰዎችም እየጮኹብኝ ነው፣ ላበራ እየሄድኩ ነው።»

እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። እትዬ ጫልቱ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። እኔ ድምፄ ከቁጥጥሬ ውጪ ሲሆን የእሳቸው ዝቅ አለ። «ወንድሜ፣ ቁም። ሰው ውስጥ አለ። ካበራኸው ይሞታል። አሁን ያልኩህን ንገረኝ» አሉት። ጣታቸው ተነሣ። ሲያዳምጡ ፊታቸው ላይ አንዳች አልተንቀሳቀሰም። «ጎበዝ። እዚያው በሩ ላይ ቁም፣ እየመጣሁ ነው» ብለው ዘጉ።

በእግራችን እየሮጥን ነው የሄድነው፤ ታክሲ እንጠብቅ ብንል ሰልፉ አያስገባንም ነበር። ስንደርስ ጥበቃው የማብሪያው ክፍል በር ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሙክታር ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ እጁ ቅባት በቅባት ሆኖ፣ «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለን። ድምፁ የጠፋው ብሎን እየፈለገ ስለነበር ነው። እትዬ ጫልቱ አጠገባቸው የነበረ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ።

ሙክታር ነገሩ ሲገባው ጥበቃው ላይ ዘሎ ሊይዘው ነበር። እትዬ ጫልቱ እጁን ያዙት።

«እሱ አላጠፋም» አሉት። «የሚቆጣ ሰው ሲናገረው እሺ ማለትን ነው ያስለመድነው። አልገባኝም ቢልህ ምን ልትለው ነበር? ደደብ ልትለው። ስለዚህ እሺ አለህ።»

በማግሥቱ ለእያንዳንዱ ቴክኒሻን ጓጉንቸር አስገዙ። ጉድጓድ የሚገባ ሰው ማብሪያውን ራሱ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። የተነገረውን መልሶ መናገሩም ቀጠለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን በእሱ ያኮረፈ ሰው አላየሁም። ሙክታርም «እትዬ ኦቨር» ማለቱን ትቶ «እናቴ» ይላቸው ጀመር።

ይህን ሳወራ ሰዎች እትዬ ጫልቱ ሁልጊዜ የሚሳካላቸው ሴት ይመስሏቸዋል። አይደለም። ግልጽ ቃል ዋጋ ሲያስከፍላቸውም አይቻለሁ።

ትልቁ ደንበኛችን ብዙ ሕንፃዎች ያሏቸው አንድ ባለሀብት ነበሩ። እዚሁ ልደታ ባለው ሕንፃቸው ውስጥ ክሊኒክ አለ። ሙክታር የሊፍቱን የብረት ገመድ አይቶ መጣና፣ «ክሩ በብዙ ቦታ ተበጥሷል፣ መቆም አለበት» አለ። ኤፍሬም ደብዳቤውን ራሱ ጻፈው። አንድ ቃል አልረሳውም፦ «የሊፍቱ አጠቃቀም ለጊዜው ቢቀነስ የሚመረጥ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»

እትዬ ጫልቱ ቆመው አነበቡት። «ኤፍሬም፣ ይሄ ሊፍቱን አቁሙ ነው የሚለው፣ አታቁሙ?»

«የሚገባው ሰው ይገባዋል፣ እትዬ። ሰውዬውን ያውቋቸዋል። አቁም ካልናቸው ነገ ሌላ ድርጅት ይጠራሉ።»

«ይጥሩ።»

«ውላችን ቢሰረዝ የዚህ ሁሉ ሠራተኛ ጉዳይስ? እኔ እኮ ዋሽቼ አልጻፍኩም!»

«አልዋሸህም። ሰውዬው ሳይገባው እንዲቀር አድርገህ ነው የጻፍከው። አንድ ነገር ቢፈጠር ‘ነግሬ ነበር’ ትላለህ። ይሄ ወረቀት ለሰውዬው የተጻፈ አይደለም፤ ለፍርድ ቤት የተጻፈ ነው።»

ኤፍሬም ፊቱ ቀላ። አልፈርምም አለ። እትዬ ጫልቱ ተቀመጡና በገዛ እጃቸው ጻፉ፦ «ሊፍቱን ዛሬ ያቁሙት። ገመዱ ተበጣጥሷል፤ ሰው ሊጎዳ ይችላል። አዲስ ገመድ እስክንገጥም ማንም አይግባበት።» ከታች ስማቸውን ጻፉና ፈረሙ። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ።

«የት ነው?» አልኳቸው።

«ክፉ ወሬ ወረቀት ብቻውን አይሸከመውም። ሰው አብሮት ይሄዳል። ተነሽ።»

ባለሀብቱ ገና አንብበው ሳይጨርሱ ነው የጮኹት። ክሊኒኩ ሊለቅባቸው እንደሆነ፣ ተከራዮቹ እንደሚከሷቸው፣ እኛ ሥራችንን ስላልሠራን ገመዱ እንዳለቀ፣ ሁሉንም አወረዱብን። እትዬ ጫልቱ መሐል አልገቡም። ሲጨርሱ፣ «የተናገሩትን በትክክል ሰምቼ እንደሆነ ልይ» ብለው ስድቡን ትተው ጭንቀታቸውን አንድ በአንድ መልሰው ነገሯቸው። ሰውዬው በረድ አሉ። «ታዲያ በሽተኞቹ እንዴት ይውጡ?» ብለው የጠየቁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ተቀምጠው ክሊኒኩ ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሕመምተኞችን ምድር ቤት እንዲያይ ተነጋገሩ። ሊፍቱ እኛ ሳንወጣ ቆመ።

ግን ውሉን አጣነው። ገመዱ ከተቀየረ በኋላ ሰውዬው ሌላ ድርጅት ያዙ። ኤፍሬም ለብዙ ሳምንት እትዬ ጫልቱን ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገራቸውም። እሳቸውም ልክ ነበርኩ ብለው አልተኩራሩም፤ በየቀኑ እየወጡ አዲስ ደንበኛ ያፈላልጉ ነበር። አንድ ጠዋት ኤፍሬም ጠረጴዛቸው ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ልክ ነበሩ» አላቸው። «ግን አሁንም ተናድጃለሁ።»

«ሁለቱንም ሰምቻለሁ» አሉት። «እኔም ውሉን በማጣታችን አዝኛለሁ። ግን ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምጽፈው።»

ሁለቱም ሣቁ። እንዲህ ተጣልተው እንዲህ የሚታረቁ ሰዎች ቢሮ ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት እትዬ ጫልቱ እየከሱ መጡ። ጨጓራ ነው እያሉ ሰነበቱና የሕመም ፈቃድ ወጡ። ልጠይቃቸው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወደሚገኘው ቤታቸው እመላለስ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ማርታ በሩ ላይ አስቆመችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ካንሰር ነው፣ ሐና» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጉበቷ ላይ ደርሷል፤ የሚደረግ ነገር የለም ብለውናል። እሷ አታውቅም። ቤተሰቡ ሁሉ እንዳይነገራት ተስማምቷል። አደራሽን።»

ገባሁ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስለ ቢሮው ጠየቁኝ፣ ስለ ሙክታር ልጅ ጠየቁኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሐና፣ ምን እንደያዘኝ ታውቂያለሽ?»

ውሸት ከአፌ አልወጣ አለኝ። እውነቱ ደግሞ የእኔ አልነበረም። «አውቃለሁ፣ እትዬ። ማርታ እንዳልነግርዎት አደራ ብላኛለች» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማርታ! ነይ እስቲ።»

ማርታ ገባች። እኔን አየችኝ፤ ፊቴ ላይ ሁሉን አነበበች። «ሐና ምንም አልነገረችኝም» አሏት እናቷ። «ከአንቺ ነው መስማት የምፈልገው። በስንት ቃል ብትነግሪኝ ያው ነው፣ ልጄ። አሳጥሪው።»

ማርታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ካንሰር ነው። ጉበትሽ ላይ ደርሷል። አይድንም ብለውናል» አለች።

እትዬ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመስኮቱ የባቡሩ ድምፅ መጥቶ አለፈ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉ በመጨረሻ። ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አስተኝተው ሁለቱም አለቀሱ። ልወጣ ብነሣ በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ።

ሲረጋጉ፣ «ሆለታ መሄድ አለብኝ» አሉ።

ወንድም እንዳላቸው ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ጋሽ ደበላ የሚባሉ ታላቅ ወንድማቸው እዚያው በአባታቸው ግቢ ነው የሚኖሩት። እናታቸው የሞቱ ጊዜ እትዬ ጫልቱ ኦፕራሲዮን ሆነው ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ጋሽ ደበላ እኅታቸው እንዳትደነግጥ ብለው መርዶውን ደበቁ። የነገሯቸው ቀብሩም ሣልስቱም አልፎ፣ ቁስላቸው ጠግጎ ከተነሡ በኋላ ነው።

«እናቴን እንዳልቀብር አደረግከኝ ብዬ ወጣሁ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። ስልኩን አላነሣሁም። አየሽ፣ ሰውን ሁሉ ተናገር፣ ግልጽ አድርግ እያልኩ እኔ ወንድሜን በኩርፊያ ነው የቀጣሁት። ኩርፊያም እኮ ንግግር ነው። ተናጋሪው ብቻ ነው የሚሰማው።»

«እሳቸው ይምጡ፣ እማዬ። አንቺ እንዴት ትሄጃለሽ?» አለች ማርታ።

«ያኮረፍኩት እኔ ነኝ። የምሄደውም እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ ዕለት ኤፍሬም የራሱን መኪና ሰጠን። ሙክታር ሊነዳ መጣ። ሦስቱን ፎቅ በጀርባው አዝሎ አወረዳቸው፤ በየደረጃው መታጠፊያ ጎረቤቶች በር እየከፈቱ «ምነው፣ ምነው?» ሲሉ፣ እሳቸው ከጀርባው ላይ ሆነው «ሆለታ፣ ወንድሜ ጋ ነው የምሄደው» እያሉ ይመልሱ ነበር። ቡራዩ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ከዚያ በኋላ ቀለል አለ። ሕመሙ ሲነሣባቸው የማርታን እጅ ጨበጥ ያደርጋሉ እንጂ እንመለስ አላሉም።

ጋሽ ደበላ ግቢያቸው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው፤ ማርታ አስቀድማ ደውላላቸዋለች። ሸምገል ያሉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ልክ እንደ እኅታቸው ረጅም ሰው ናቸው። ወደ መኪናው ለመምጣት አንድ እግራቸውን አንሥተው መልሰው አቆሙት። መምጣት የተፈቀደላቸው አልመሰላቸውም።

ሙክታር ሊያዝላቸው ጀርባውን ሲሰጣቸው እትዬ ጫልቱ እንቢ አሉ። በእግሬ ነው አሉ። እኔና ማርታ በግራና በቀኝ ደግፈናቸው፣ ከመኪናው እስከ በሩ ያለችውን አጭር መንገድ ብዙ ጊዜ እየቆምን ሄድን። አንዲት ጎረቤት ወንበር ይዛ ስትሮጥ በእጃቸው መለሷት። ወንድማቸው ፊት ሲደርሱ እኛንም ልቀቁኝ አሉን። ለቀቅናቸው። ብቻቸውን ቆሙ።

የተናገሩት በኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ አልችልም። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሰማሁት ንግግራቸው መካከል ያልገባኝ ያ ብቻ ነው። አጭር ነበር። ድምፃቸው አልጮኸም፣ አልተለማመጠም። ማርታ ይገባት ስለነበር ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

ጋሽ ደበላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ዞረው ወደ ቤት ገቡ።

እትዬ ጫልቱ እንደቆሙ ናቸው። ልንይዛቸው ብንጠጋ አሁንም በእጃቸው አቆሙን። እኔ ሰውዬው እምቢ ብለው የገቡ መሰለኝ።

ጋሽ ደበላ ኮት ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። በሩን ቆለፉና ቁልፉን ወንበሩን ለያዘችው ጎረቤት ሰጧት። ወደ እኅታቸው መጥተው፣ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ አደረጉላቸውና ብብታቸው ሥር እጃቸውን አስገብተው ወደ መኪናው መሯቸው። ማንም ግቡ ሳይላቸው አጠገባቸው ገብተው ተቀመጡ። ማርታ ወደ ፊት ተሻገረች፤ እኔ በር ዘጋሁ።

ሙክታር መኪናውን አስነሣ። እስከ ልደታ ድረስ ሁለቱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ እጅ ለእጅ ግን እንደተያያዙ ነበር።